የጡብ ቤትና የአባት ዕዳ



ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ከደጃፉ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ከመሠረቱ እስከ ጣራው ሲመለከት አይታችሁ ይሆናል። በዚያች ሰዓት ያ ሰው ቤቱ ለዘለዓለም የእርሱ የሆነ ይመስለዋል። እኔ ግን እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ ብዙ ቤት ሲሠራ፣ ብዙ ቤት ሲሸጥ፣ ብዙ ቤትም ሲፈርስ አይቻለሁና፣ ቤትና ባለቤቱ ሁልጊዜ አብረው እንደማያረጁ ተረድቻለሁ።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የጡብ ቤት ነው። ቤቱ ያለው በሩቅ አገር፣ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩ ከእኔ ሕይወት ጋር የተገናኘበት ምክንያት አለና አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ። ስለ አሜሪካ ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ ራሴ ስናገር የምጠቅሳቸው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በ1964 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪ ነበርሁ። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን አሜሪካዊት መምህርት የቺካጎ ተወላጅ ስለ ነበሩ፣ የዚህን ቤት ሥዕል ከክፍላችን ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር። ቤቱ ረጅምና ዝቅ ያለ፣ ጣራው እንደ ተዘረጋ ክንፍ ወደ ውጭ የወጣ ነው። አንድ ቀን መምህርቷ፣ «ይህ ቤት የማን ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁን። አንዱ «የንጉሥ ነው» አለ፤ እኔም «የትልቅ ነጋዴ ነው» አልሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ያሠራው ሰው ሁለት ዓመት እንኳ አልኖረበትም፤ አባቱ ዕዳ ነበረባቸው» አሉን። ወዲያው ደወል ተደወለ፤ እኛም ለጨዋታ ወጣን። ያ ጥያቄ ግን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ከደጃፌ ቆመ።

እንግዲህ ወደ ቤቱ ታሪክ ልግባ።

ቺካጎ በ1871 ዓመት በጥቅምት ወር ክፉኛ የተቃጠለች ከተማ ናት። እሳቱ ሁለት ቀን ያህል ሲነድ ከ17 ሺህ የሚበልጥ ቤት ፈጀ፤ 300 ያህል ሰው ሞተ፤ 100 ሺህ ያህልም ያለ መጠለያ ቀረ። አብዛኛው ቤት፣ የእግር መንገዱ ሳይቀር፣ ከእንጨት የተሠራ ስለ ነበረ እሳቱን የሚያቆመው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ በከተማይቱ መካከል የእንጨት ቤት መሥራት በሕግ ተከለከለ፤ ጡብ የተከበረውም ስለ ውበቱ ብቻ ሳይሆን ሰው ተኝቶ እንዲያድር ስለሚያደርግ ነው።

በዚህች ከተማ ፍሬደሪክ ሮቢ የሚባል ወጣት ነበረ። አባቱ ጆርጅ ሮቢ በልብስ ስፌት መኪና ዕቃ ንግድ የጀመረ፣ በኋላም ወደ ቢስክሌት የተሻገረ ድርጅት ነበራቸው፤ ልጁም ከእርሳቸው ጋር ይሠራ ነበር። በ1908 ዓመት ፍሬደሪክ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ለሚስቱ ለሎራና ለልጆቹ ቤት ለማሠራት አሰበ። ሎራ የተማረችው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ስለ ነበረ፣ ከዚያው አካባቢ ስፋቱ 18 ሜትር፣ ርዝመቱ 55 ሜትር ያህል የሆነ የማዕዘን ቦታ ገዙ።

ይህ ሰው የሚፈልገውን የሚያውቅ ነበረ። ሣጥን የመሰሉ ጠባብ ክፍሎችን ጠላ። ፀሐይ እንዲገባለት፣ ቤቱ እሳት የማይደፍረው እንዲሆን፣ እርሱ ወደ ውጭ ሲያይ ጎረቤት ወደ ውስጥ እንዳያየው፣ ልጆቹም ወደ መንገድ ሮጠው ሳይወጡ የሚጫወቱበት የታጠረ ግቢ እንዲኖራቸው ተመኘ። ይህን ሊፈጽምለት የቻለው ፍራንክ ሎይድ ራይት የተባለው ስመ ጥሩ የቤት ንድፍ አውጪ ነው።

ግንባታው በ1909 ዓመት በሚያዝያ ወር ተጀመረ። ራይት የመረጠው ጡብ ከተለመደው የተለየ፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ነበረ። ግንበኞቹንም ከላይ ወደ ታች ባለው መጋጠሚያ የሚገባውን ሲሚንቶ እንደ ጡቡ ቀለም አድርገው ከጡቡ እኩል እንዲደመድሙት፣ አግድም ያለውን ግን ነጣ ባለ ቀለም ወደ ውስጥ አስገብተው እንዲተዉት አዘዛቸው። በዚህ ምክንያት ግድግዳውን ከሩቅ የሚያይ ሰው ጡቦቹን አንድ በአንድ አይለያቸውም፤ በረጅሙ የተሰመሩ መስመሮችን ብቻ ያያል። ወጣቶች ሆይ፣ ታላቅ ሥራ የሚታወቀው ማንም ልብ በማይለው መጋጠሚያ ላይ በተደረገው ጥንቃቄ ነው።

ጣራው ከመጨረሻው ግንብ አልፎ 6 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ተዘርግቷል። ያለ ምሰሶ እንዴት ሊቆም ቻለ ብትሉ፣ ከጣራው ውስጥ የማይታዩ ረጃጅም የብረት አግዳሚዎች ስለ ተሸከሙት ነው። በመስኮቶቹና በበሮቹ ላይ በቀለም ያጌጡ 174 የመስተዋት ሥራዎች ተገጠሙ። ብዙው ሰው ገና በፈረስ በሚሄድበት ዘመን ለሦስት አውቶሞቢል የሚበቃ ማቆሚያ ከቤቱ ጋር ተያይዞ ተሠራ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስደንቀው ምድጃው ነው። ራይት የእንግዳ መቀበያውንና የመብል ቤቱን በግድግዳ አልለያቸውም፤ ከሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ የጡብ ምድጃ አቆመ። ቤተ ሰብ በእሳት ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ የቤት ልብ ምድጃ ነው የሚል እምነት ነበረው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከምድጃ ዳር ተረት እየሰማን አላደግንምን? ለቦታው 13 ሺህ 500፣ ለሕንፃው 35 ሺህ፣ ለቤት ዕቃው 10 ሺህ ዶላር ያህል ወጣ፤ ይህም በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበረ።

አሁን ታሪኩ ወደሚያሳዝነው ክፍል ደረስን።

ለሰው ቤተ ሰብ ይህን የመሰለ ምድጃ ያቆመው ራይት፣ ቤቱ ሳያልቅ በዚያው በ1909 ዓመት የራሱን ሚስትና ስድስት ልጆቹን ትቶ፣ ቀድሞ ቤት ከሠራለት ሰው ሚስት ጋር ወደ አውሮፓ ሄደ። የቀረውን ሥራ የጨረሱት ባልደረቦቹ ናቸው። በዚያው ዓመት ጆርጅ ሮቢ ሞቱ። ሽማግሌው ብዙ ዕዳ ነበረባቸውና ልጃቸው ሊከፍልላቸው ቃል ገባ። በ1910 ዓመት ቤተ ሰቡ ወደ አዲሱ ቤት ገባ፤ ነገር ግን ዕዳው የልጁን ሀብት እየበላ ሄደ። በ1911 ዓመት ሎራ ልጆቿን ይዛ ወጣች፤ ባሏም በትዳሩ አልታመነም ስትል ከሰሰችው። ዓመቱ ከማለቁ በፊት ፍሬደሪክ ሮቢ ያን ሁሉ የደከመለትን ቤት ሸጦ ሄደ። በቤቱ የኖረው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ የጡቡን ቤት ለጥቂት ጊዜ ትቼ ወደ ራሴ ቤት እመለሳለሁ።

አባቴ በአንዲት ትንሽ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የነበረን ቤት የጭቃ ቤት ሲሆን፣ ክዳኑ ሣር ነበረ። በ1974 ዓ.ም. አባቴ ሣሩን አንሥተው ቆርቆሮ ለማልበስ ሲሉ ከጎረቤታችን ከአንድ ሽማግሌ 1,200 ብር ተበደሩ። ወረቀት አልተጻፈም፤ ምስክርም አልተቆጠረም። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴ ታመው ሲሞቱ ከገንዘቡ አንዲት ብር አልተከፈለችም ነበር። ይህንም ከቤተ ሰቡ አጥብቄ የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ አባቴ በአልጋቸው ላይ ሳሉ በጆሮዬ ነግረውኛልና።

ኀዘኑ ካለፈ በኋላ ሽማግሌው መጡ። ከመደቡ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ አወሩ፤ ገንዘቡን ግን በአፋቸው አልጠሩትም። እናታችን ቡና አፈሉላቸው፤ ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። በወሩ ደግሞ እንዲሁ መጡ። በሦስተኛው ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ዝምታው ከብዶት፣ «አባባ፣ የሚፈልጉት ነገር ካለ ወረቀት ያምጡ» አላቸው። ሽማግሌውም እኔን ተመለከቱ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

ወንድሜ ያለ ነገር አልተናገረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ እምነት ወይም በሚፈጸም መሐላ ካልሆነ በቀር በሌላ ማስረጃ እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል። ሕጉ መልካም ሕግ ነው፤ ሰው በሐሰት እንዳይከሰስ ይጠብቃል። ነገር ግን እውነቱን ለሚያውቅ ሰው መሸሸጊያ እንዲሆን አልተጻፈም። እኔ በዚያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ወጣት መምህር ነበርሁ፤ ጠዋት ጠዋት ለልጆች ስለ እውነተኛነት አስተምር ነበር። ማታ ደግሞ አባቴ በነገሩኝ እውነት ላይ ተኝቼ አድር ነበር። ይህን የምጽፍላችሁ እያፈርሁ ነው።

አንድ ሌሊት በዚያ ቆርቆሮ ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ። የሣር ክዳን ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ድምፅ ባልሰማሁ ነበር። ከጫጫታው ብዛት እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ የመምህርቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ «ይህ ቤት የማን ይመስላችኋል?» ያን ጊዜ ከራሴ በላይ ያለው ጣራ የእኛ አለመሆኑን አወቅሁ። የሰው ገንዘብ ለብሰን ተኝተናል። አንድ የማላውቀው ፈረንጅ ለአባቱ ቃል ሲል እንደዚያ ያለውን ቤት ካጣ፣ እኔ ለአባቴ ስል በወር ጥቂት ብር ማጣት እንዴት ያቅተኛል?

በነጋታው ከሽማግሌው ቤት ሄጄ እውነቱን ተናገርሁ፤ በየወሩ 50 ብር ልከፍላቸውም ተስማማን። መልካም አደረግሁ ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ላይ ሁለተኛ ጥፋት ጨመርሁ። ያን ጊዜ ካገባሁ ገና አንድ ዓመቴ ነበር፤ ይህንም ነገር ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ደመወዜ የቀነሰበትን ምክንያት እየፈጠርሁ አራት ወር ያህል ዋሸኋት። በመጨረሻ ከሌላ ሰው ሰማች። የተናገረችኝ ቃል እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ «ዕዳ መክፈልህ አላስከፋኝም፤ ያስከፋኝ እኔን የማታምነኝ ሰው ማድረግህ ነው» አለችኝ።

የሮቢን ታሪክ በሙሉ ያነበብሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ባነበብሁም ጊዜ የባለቤቴ ቃል ትዝ አለኝ። በልጅነቴ ያ ሰው ያለ እንከን ጀግና ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ግን ከዚያ ይከብዳል። ለሟች አባቱ የገባውን ቃል የጠበቀው ሰው፣ በሕይወት ላለች ሚስቱ የገባውን ቃል አልጠበቀም ተብሎ ተከሷል። ስለዚህ፣ ወጣት ሆይ፣ ታሪክ ስታነብ ጀግናን ብቻ ወይም ኃጢአተኛን ብቻ አትፈልግ፤ አንድ ሰው በአንዱ በር ጻድቅ ሆኖ ገብቶ በሌላው በር በደለኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላልና። ለአንዱ ቃልህ ስትታመን ሌላው ቃልህ እንዳይሰበር ተጠንቀቅ።

የእኔ ነገር መጨረሻው መልካም ሆነ። ባለቤቴ ካኮረፈች በኋላ ይቅር አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ በየወሩ መጨረሻ ሃምሳውን ብር ቆጥራ የምትሰጠኝ እርሷ ሆነች። በሃያ አራት ወር 1,200 ብሩ አለቀ። የመጨረሻውን ሃምሳ ብር ስወስድላቸው ሽማግሌው ቆጥረው ተቀበሉና፣ «አባትህ ዛሬ አረፈ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያን ቀን ማታም ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ የቆርቆሮው ድምፅ ግን አላስነቃኝም።

የጡቡ ቤትስ ምን ሆነ?

ቤቱን ከሮቢ የገዛው ዴቪድ ሊ ቴይለር የተባለ የማስታወቂያ ሥራ ኀላፊ ነበረ፤ ዓመት ሳይሞላው በ1912 ሞተ። መበለቲቱ ለማርሻል ዊልበር ቤተ ሰብ ሸጠችው፤ እነርሱም እስከ 1926 ድረስ 14 ዓመት ያህል ኖሩበት። እንግዲህ ቤቱ የተሠራው ለአንድ ቤተ ሰብ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ በምድጃው የሞቁት ጡብ እንኳ ያላቀበሉ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ቤቱን የገዛው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ነበረ። ትምህርት ቤቱ የተማሪ ማደሪያና የመብል ቤት አደረገው፤ የፈለገው ግን ቦታውን እንጂ ቤቱን አልነበረም። በ1941 ዓመት አፍርሶ ሌላ ለመሥራት አሰበና ብዙ ሰው ተቃወመ፤ ጦርነቱም ስለ መጣ ነገሩ ቆየ። በ1957 ዓመት ለተማሪዎች መኖሪያ ለመሥራት ሲል ቤቱን እንደሚያፈርስ እንደገና አስታወቀ። ያን ጊዜ ራይት የ89 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። በመጋቢት ወር ወደ ቺካጎ መጥቶ፣ ጋዜጠኞችን አስከትሎ በሠራው ቤት ውስጥ እየተዘዋወረ ስለ ቤቱ ተሟገተ። በአቅራቢያው የነበሩ የተማሪዎች ማኅበራትም ቤቶቻቸውን ለትምህርት ቤቱ ለመልቀቅ ፈቃደኞች ሆኑ። በ1958 ዓመት ዊሊያም ዜከንዶርፍ የተባለ የሕንፃ ነጋዴ ቤቱን ገዛው። ራይት በ1959 በሚያዝያ ወር ሲሞት ቤቱ ከመፍረስ ድኖ ነበር።

እኔ በሚሲዮን ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ትምህርት ቤቱ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ለተማሪዎቹ ማደሪያ ያስፈልገው ነበር። ነገር ግን መልካም ነገር ለመሥራት የቸኮለ ሰው ከእጁ ያለውን መልካም ነገር ሊያፈርስ ይችላል። ከመፍረሱ ያዳኑት ደግሞ ቤቱ የእነርሱ ያልሆነ ሰዎች፣ ቦታቸውን ለመልቀቅ የፈቀዱ ወጣቶችና አንድ ነጋዴ ናቸው።

ዜከንዶርፍ በ1963 ዓመት ቤቱን ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰጠው፤ በዚያው ዓመት በአገር ደረጃ የሚጠበቅ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። ከ1997 ጀምሮ የራይትን ሥራዎች የሚጠብቅ ድርጅት ተረክቦት ጡቡን፣ መስተዋቱንና ጣራውን እንደ ጥንቱ አደሰው። በ2019 ዓመት ዩኔስኮ ከሌሎች ሰባት የራይት ሕንፃዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ዛሬ ማንም ሰው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ሊያየው ይችላል። ባለቤቱ ጎረቤት ወደ ውስጥ እንዳያየው ብሎ ያሠራውን ቤት ዓለም ሁሉ ይጎበኘዋል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ «የሮቢ ቤት» ነው። አሥራ አራት ዓመት የኖሩት ስማቸውን አላተሙበትም፤ አንድ ዓመት ተኩል ኖሮ የተለየው ሰው ስም ቀረ።

ልጆቼ ሆይ፣ የመምህርቴን ጥያቄ አሁን ለእናንተ እመልሰዋለሁ። ይህ ቤት የማን ይመስላችኋል? ያሰበው አንድ፣ ያሠራው አንድ፣ ጡቡን የደረደሩት ስማቸው ያልተጻፈ ግንበኞች፣ የኖረበት ሌላ፣ ከመፍረስ ያዳነውም ሌላ ነው። እያንዳንዱ ለጥቂት ዘመን አደራ ተቀበለ፤ ከፊሉ አደራውን ጠበቀ፣ ከፊሉ ሊያፈርሰው ደረሰ። ርስትም ቢሆን፣ ትዳርም ቢሆን፣ የአባት ስምም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ነገ ከነገ ወዲያ እናንተም ቤት ትሠራላችሁ። ጡብ ለማግኘት የቻለ በጡብ፣ ያልቻለ በጭቃ ይሥራ። ከመግባታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር መርምሩ፤ ከጣራው ላይ የሰው ገንዘብ እንዳይኖር፣ ከምድጃው ዳርም የተደበቀ ውሸት እንዳይኖር። የአባቴ ቤት ቆርቆሮው ዝጓል፤ ግድግዳውም በየክረምቱ ምርጊት ይፈልጋል። አሁን የሚኖርበት ያ «ወረቀት ያምጡ» ያለው ወንድሜ ነው። ባለፈው ዓመት ልጠይቀው ሄጄ ሳለሁ አንድ ወጣት ገብቶ ከእርሱ የተበደረውን ገንዘብ የሚከፍልበት ቀን እንዲራዘምለት ለመነው። ወንድሜም አራዘመለት። ወጣቱ ከሄደ በኋላ፣ «ወረቀት አለህ?» አልሁት። እርሱም ሳቀና፣ «እኔስ ወረቀት መጠየቅ ከተውሁ ቆየሁ» አለኝ።